የሃርድቶፕ ትራንስፈር አወራረድና አገጣጠም

ትራንስፈር (ጉልበትን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን) መንገድ ላይ የሚሞት ይመስላል እንጂ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በተገጠመበት ቀን ነው። ይህን በራሴ መኪና ነው የተማርኩት።

መኪናዬ 78 ሃርድቶፕ፣ የቶዮታ ላንድክሩዘር ናት። ሞተሯ 1ኤችዜድ፣ ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ትራንስፈሯ መንጫጫት ጀመረና አንድ ጋራዥ አስገባኋት። አወረዱት፣ ኩሽኔታ ቀየሩ፣ መለሱት። ስረከባት ደህና ነበረች። ሚሌን አልፌ ወደ ሎጊያ ስጠጋ ግን የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ዳር ይዤ ቆምኩና ስር ገባሁ። ትራንስፈሩ ከላይ እስከ ታች በዘይት ርሷል። በእጅ ባትሪ ሳበራበት የላይኛው የብሎን ጆሮ ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አየሁ።

ቆይቶ ሲወርድ ነገሩ ተገለጠ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ትራንስፈሩ ልክ ፊት ለፊት እንዲገጥሙ የምትይዘው ትንሿ ፒን አንድ ጎኗ ተጨፍልቋል። የሻፍቱ ጥርስ ሳይገባ ብሎን እያጠበቁ፣ ስበው ነው ያስገቡት። ብሎን የተሠራው ለመያዝ ነው፣ ለመጎተት አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይቺን ውሰዱ፦ ትራንስፈር በእጅ ተገፍቶ ይገባል፤ ካልገባ ያልገባበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱን ሳታገኙ መፍቻ አታንሱ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ራሴ ነው የምሠራው፣ ከአንድ ረዳት ጋር። ሙሉ ቀን ይፈጃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩት ከሆነ ሁለት ቀን ያዙለት።

ስለ የትኛው መኪና ነው የማወራው

የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 75ቱ በ78ና በ79 ሲተካ የፊቱ ባሌስትራ (ተደራራቢው ዝርግ ብረት) ወጥቶ ሞላ (ጥቅልሉ ስፕሪንግ) ገባበት። እኛ አገር ክፍለ ሀገር የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መኪና ስለሆነ ብዙ ማስተዋወቅ አያሻውም።

ትራንስፈሩ ከካምቢዮው ጀርባ የተቀመጠው ሳጥን ነው። ከካምቢዮው የሚመጣውን ጉልበት ተቀብሎ ለኋላው ዲፈረንሻል ይልካል። ስትፈልጉ ለፊቱም ያካፍላል። ኤል4 (የአራቱም ጎማ ከባድ ማርሽ) ስታስገቡ ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛዋል። ሃርድቶፕ ፊትና ኋላውን የሚያቻችል የመሃል ዲፈረንሻል የለውም። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ላይ ኤች4 (የአራቱም ጎማ መደበኛ ማርሽ) አስገብታችሁ ስትጠመዘዙ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት እኩል ስለማይሆን ልዩነቱ መውጫ ያጣል፣ ጭነቱም ተመልሶ ማርሾቹና ኩሽኔታዎቹ ላይ ያርፋል። አፈር ላይ ጎማው ተንሸራቶ ያስተነፍሰዋል። አስፋልት ላይ አያስተነፍሰውም። አዲስ የገጠማችሁትን ትራንስፈር በአንድ ወር ውስጥ መግደል ከፈለጋችሁ መንገዱ ይኸው ነው።

"ከባድ ትራንስፈር ልግጠምበት?"

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳዋል። የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ለሃርድቶፕ አያስፈልግም። የሱ ትራንስፈር ከፋብሪካው ጀምሮ ማርሽ ከማርሽ ጋር ተናክሶ የሚሠራ ነው፣ ሰንሰለት የለውም። ሰንሰለት ያላቸው ከጊዜ በኋላ ይለጠጣሉ፣ ጭነት ሲበዛባቸው ጥርስ ይዘላሉ። የእናንተው ያን ችግር አያውቀውም። ጤነኛ የሆነ ተመሳሳዩን አግኝቶ በሥርዓቱ መግጠም ከየትኛውም ማሻሻያ ይበልጣል።

አሜሪካ ሆናችሁ የድሮ ሼቭሮሌት ወይም ፎርድ ፒክአፕ ላይ ለምትሠሩ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ሰው የሚመኘው ኒው ፕሮሰስ 205 የሚባለውን ነው። ቤቱ (የውጭ ቅርፊቱ) አልሙኒየም ሳይሆን ድፍን ብረት ነው፣ ውስጡ ማርሽ ብቻ፣ ዝቅተኛው ማርሽ 1.96 ለ1፣ ክብደቱ ከ60 ኪሎ በላይ። ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ለኩ። የመግቢያው ጥርስ ብዛት ከካምቢዮአችሁ ሻፍት ጋር አንድ መሆኑን፣ የፊት መውጫው ከፊት ዲፈረንሻላችሁ ጋር በአንድ ጎን መሆኑን፣ ከዚያ ደግሞ መሃል የሚገባው ማገናኛ ምን ያህል ውፍረት እንደሚጨምር። የጨመረው ውፍረት የኋላ ፕሮፔለራችሁን (ከትራንስፈሩ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ) ያሳጥረዋል፣ የፊቱን ያስረዝመዋል። አዲሱን ልክ የምትወስዱት መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ ሞላው ወይም ባሌስትራው ላይ ባረፈበት ሁኔታ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ የተለካ ፕሮፔለር የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ያጋልጣችኋል። ከዚህ በታች ያለው የአገጣጠም ሥርዓት ለሱም ይሠራል።

ያገለገለ ስትገዙ

መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እጃችሁን አስገቡ። በመጀመሪያ መግቢያው ላይ ያለውን ጥርስ እዩት፣ የካምቢዮው ሻፍት የሚገባበትን ማለቴ ነው። ጤነኛ ጥርስ አናቱ ጠፍጣፋ ነው። ያለቀ ጥርስ እንደ ምላጭ የሾለ ነው፣ ጣት ስታስኬዱበት ይቧጭራል። በጥርሱ መሃል ቀይ፣ እንደ በርበሬ የላመ ዱቄት ካገኛችሁ ዘይት ሳይደርሰው ብረት ከብረት እየተፋጨ የወጣ ዝገት ነው። ይህ ጥርስ የዚህ መኪና የታወቀ ድካሙ ነው። በኋላ የመጡት መለወጫ ማርሾች ዘይት እንዲደርሳቸው ቀዳዳ የተበሳላቸው ናቸው፤ ምርጫ ካላችሁ ቀዳዳ ያለውን ውሰዱ።

ከዚያ የኋላውን ፍላንጅ (ፕሮፔለሩ የሚታሰርበትን ክብ ብረት) በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። የሚጫወት ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት አሸዋ እንዳለበት የሚያንገጫግጭ ከሆነም እንደዚያው። ማፍሰሻ ብሎኑን አስከፍቱ። ጫፉ ላይ ማግኔት ካለው ግራጫ ለስላሳ ቅባት የተለመደ ነው፣ የጥርስ ስባሪ ግን ለመሄድ ምልክት ነው። ዘይቱ ወተት የነካው ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። "ታጥቦ ነው የመጣው፣ ዘይት የለውም" የሚላችሁ ካለ ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ካልተስማማ ሌላ ሱቅ አለ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ደልዳላ ቦታ ምረጡ። ሲሚንቶ ወለል ይሻላል። አፈር ላይ ክሪክ ቀስ እያለ ይሰምጣል።

አሁን ሰው የሚሞትበትን ነገር ልናገር። ፕሮፔለሩን ስትፈቱ መኪናውን ማርሽ አስገብታችሁ ማቆማችሁ ዋጋ የለውም፣ ጎማውና ካምቢዮው ተለያይተዋልና። አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ታምቡር የሚገኘው ትራንስፈሩ ጀርባ ላይ ነው፤ እነዚህ ላይ የኋላው ፕሮፔለር በወረደበት ቅጽበት የእጅ ፍሬንም የለም። ትራንስፈሩ ኤን (ዜሮ) ላይ ሲሆንም ጎማው ነፃ ነው። ስለዚህ አራቱም ጎማ ላይ፣ ፊትና ኋላ፣ ታኮ አድርጉ። ከድንጋይ በቀር ሌላ ከሌለ ትልቅና ማዕዘን ያለው ድንጋይ ይሁን። መኪናውን ከፍ ካደረጋችሁት በመቆሚያ ብረት ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር አትግቡ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። የሚያስፈልጋችሁ መፍቻ በአብዛኛው 12፣ 14፣ 17 ቁጥር ነው፣ ለዘይት ብሎኖቹ ብዙውን ጊዜ 24። ሁለት ክሪክ፣ የሚቻል ከሆነ አንዱ የካምቢዮ ክሪክ ይሁን። የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ። ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው)። ሁለት ጣውላ። ካርቶንና እስኪርቢቶ ደግሞ ለብሎኖቹ፦ ካርቶኑ ላይ የትራንስፈሩን ቅርጽ ስላችሁ እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ ወግታችሁ አስቀምጡ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ስታስገቡ ወይ ቤቱን ይበሳል ወይ ሳይጠብቅ የጠበቀ ይመስላል።

ማውረድ

ዘይቱን መኪናው ትንሽ ተነድቶ ሞቅ ካለ በኋላ አፍስሱ። መጀመሪያ የምትፈቱት መሙያውን ነው፣ ማፍሰሻውን አይደለም። መሙያው ዝጎ እምቢ ካለ ዘይቱ ሳይፈስ ማወቃችሁ ይሻላል፣ ያለዚያ ባዶ ሳጥን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። የካምቢዮውንም ዘይት አፍስሱ፣ ጀርባው ስለሚከፈት መውረዱ አይቀርም።

ፕሮፔለሮቹን ከመፍታታችሁ በፊት ምልክት አድርጉ። በነጭ ቀለም ወይም በነጥብ መምቻ፣ ፍላንጁና ፕሮፔለሩ ላይ አንድ መስመር። የሚንሸራተተውም መገጣጠሚያ ላይ እንዲሁ። ይህን ዘልሎ የሚፈታ ሰው መልሶ ሲገጥም በግምት ይገጥማል፣ መኪናውም ፍጥነት ሲጨምር ይንዘፈዘፋል። የፊቱ ፕሮፔለር የሚሄደው ከመኪናው በቀኝ በኩል ነው። የወረደውን ጫፍ በሽቦ ከሻንሲው ጋር እሰሩት፤ በክሮቼራው (ጫፉ ላይ ባለው የመስቀል መገጣጠሚያ) ተንጠልጥሎ እንዳይቀር።

ከዚያ ትንንሾቹ ነገሮች። የኪሎሜትር ቆጣሪው ገመድ። የ4 ጎማ መብራቱ ሽቦ። የመተንፈሻው ቱቦ። ታምቡሩ እዚያ ካለ የእጅ ፍሬኑ ገመድ። ካቢን ውስጥ የማርሹ ማንሻና ጎማው። ለእያንዳንዱ ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ። ማታ ላይ "ይቺ ሽቦ የማን ናት" ከማለት ያድናችኋል።

ተሻጋሪውን ብረት፣ ከሻንሲ ወደ ሻንሲ የሚያልፈውን ማለቴ ነው፣ ከመፍታታችሁ በፊት አንዱን ክሪክ ጣውላ አድርጋችሁበት ካምቢዮው ስር አሳርፉት። ይህ ካልሆነ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዘነበላል፣ ፊት ለፊት ያለው ማራገቢያም የራዲያተሩን ሽፋን ይበላዋል። ሁለተኛው ክሪክ ትራንስፈሩ ስር ይሁን፣ ትራንስፈሩም በቀበቶ ከክሪኩ ጋር ይታሰር። ደረት ላይ አሳርፎ የሚወርድ ዕቃ አይደለም። እንዲህ የሚሠሩ አይቻለሁ፣ አንዱ ጣቱን አጥቷል።

ብሎኖቹን አውጥታችሁ ስታበቁ ትራንስፈሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መምጣት አለበት። በጎማ መዶሻ ጎኑን መታ መታ ብታደርጉት ይላቀቃል። ካቻቪቴም ሆነ ጠፍጣፋ ብረት መሃሉ ከትታችሁ አታንሱት፣ ገጹን ትቧጭሩታላችሁ፣ የተቧጨረ ገጽ ዘይት ያስወጣል። አሻፈረኝ ካለ ደግሞ ያልተፈታ ብሎን ፈልጉ። የቆየው ዓይነት ላይ የካምቢዮው ሻፍት ትራንስፈሩ ውስጥ ድረስ ገብቶ ጫፉ ላይ በዳዶ የሚያዝ አለ። ያኛው የኋላው ክዳን ተከፍቶ ዳዶው ካልተፈታ፣ ማርሹም በመሳቢያ ካልተሳበ በመዶሻ ብዛት አይወጣም።

የምታዩትና የምትቀይሩት

አሁን ረጋ በሉ። ሰው እዚህ ቦታ ላይ ይቸኩላል፣ መሸ ብሎ። ትራንስፈር ወርዶ ሳለ 1 ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ተገጥሞ ካበቃ በኋላ ግን የሙሉ ቀን ሥራ ነው። የካምቢዮውን የጀርባ ኦይል ሲል፣ የትራንስፈሩን የመግቢያ፣ የፊትና የኋላ መውጫ ኦይል ሲሎች በሙሉ ለውጡ።

በተለይ በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለችው ሲል። እሷ ስታልፍ ወደ ውጭ ምንም አይታያችሁም። ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ነው የሚሄደው። ካምቢዮው ጎድሎ ይነዳል፣ ትራንስፈሩ ሞልቶ ይፈሳል። መሙያውን ስትከፍቱ ከትራንስፈሩ ዘይት እየገነፈለ ከወጣ፣ "እንዴት ጥሩ ነው፣ ሞልቷል" አትበሉ፣ ካምቢዮውን ለኩት።

ሲሉን ከማስገባታችሁ በፊት ፍላንጁ ላይ ከንፈሩ የሚያርፍበትን ቦታ ጥፍራችሁን አስኬዱበት። ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለ አዲስ ሲልም ያፈሳል። ሲሉን ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት አድርጎ ማስቀመጥ ከንፈሩን ከዚያ መስመር ላይ ያነሳዋል፣ ጥልቅ ከሆነ ግን ፍላንጁ መቀየር አለበት። ምንጭ ያለው ጎን ወደ ዘይቱ ይዙር። ከንፈሩን ግራሶ ቀቡት፣ ደረቁን ካስገባችሁት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ይቃጠላል። ሲመታ ዙሪያውን እኩል የሚነካ ቧንቧ ተጠቀሙ።

መተንፈሻው ቀጣዩ ነው። ትንሽ ነገር ስለሆነ ማንም አያየውም። አፋር ደርሶ የተመለሰ መኪና መተንፈሻው በአቧራ ተደፍኖ ይገኛል። ትራንስፈር ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ መውጫ ሲያጣ ሲሎቹን ይገፋል። የሞቀ መኪና ወንዝ ሲገባ ደግሞ ተገላቢጦሹ ይሆናል፣ አየሩ ድንገት ይቀዘቅዝና በሲሎቹ በኩል ውሃ ይስባል። ቱቦውን በአፋችሁ ንፉ። አየር ካላለፈ አጽዱት ወይም ቀይሩት። ጫፉም ከፍ ብሎ ይታሰር።

የተሻጋሪው ብረት ጎማ ዘይት ጠጥቶ ከለሰለሰ አዲስ ግዙ። በጣት ስትጫኑት እንደ ሊጥ የሚገባ ጎማ ትራንስፈሩን አይሸከምም።

ገጾቹን በፕላስቲክ መፋቂያ ወይም በደህና ምላጭ አጽዱ። ግራይንደር አታስጠጉ። የሚረጨው የብረት ደቃቅ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፣ ገጹም ጎድጓዳ ይሆናል። በመጨረሻ ቤንዚን የነካ ንጹህ ጨርቅ ዙሩበት። የብሎን ቀዳዳዎቹን በኮምፕረሰር ንፉ። ውስጣቸው ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲገባ መውጫ ያጣው ዘይት ቤቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

መግጠም

አሁን ዋናው ሥራ ነው።

ከቤታችሁ ዕቃ ውስጥ ከትራንስፈሩ ብሎኖች ጋር አንድ ዓይነት ጥርስ ያላቸው ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ፈልጉ፣ 10 ሴንቲሜትር ያህል። ጭንቅላታቸውን ቁረጡ። የተቆረጠው ጫፍ ላይ በመጋዝ አንድ መስመር አውጡ፣ በኋላ በካቻቪቴ እንድታወጧቸው። እነዚህን ካምቢዮው ላይ ግራና ቀኝ በእጅ አስገቧቸው። መሪ ናቸው። ትራንስፈሩ በነሱ ላይ ተንሸራትቶ ስለሚመጣ ቀዳዳ በቀዳዳ መፈለግ ይቀርላችኋል፣ ክብደቱም ሻፍቱ ላይ አይንጠለጠልም። መርካቶ ከምትገዙት መሣሪያ ሁሉ እነዚህን ሁለት ቁራጭ ብሎኖች እመርጣለሁ።

ማስተካከያ ፒኖቹ በቦታቸው መኖራቸውንና ያልተጨፈለቁ መሆናቸውን እዩ። የእኔን ያስሰነጠቀችው ያቺው ፒን ናት። የካምቢዮው ሻፍት ጥርስ ላይ ሞሊብዲነም ያለው ግራሶ በስሱ ቀቡ። ጓርኒሲዮን (በሁለቱ ገጾች መሃል የሚገባ ማሸጊያ) ያለው ከሆነ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ የሌለው ከሆነ ሲሊኮን። ሲሊኮኑ ክር የሚያህል ቀጭን መስመር ይሁን፣ ከብሎን ቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ በኩል ዞሮ ራሱ ላይ የሚዘጋ። የበዛ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይቆረጥና የዘይት መንገድ ይዘጋል። ከቀባችሁ በኋላ ሻይ ልትጠጡ አትሂዱ፣ ሳይደርቅ ይገጠም።

ካምቢዮውን 4ኛ ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ ሻፍቱ እንዳይዞር። ትራንስፈሩን ኤች2 (የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳበት) ላይ አድርጉ፣ የኋላው ፍላንጅ ሲዞር መግቢያውም አብሮ እንዲዞር። ክሪኩን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። ረዳታችሁ ከጎን ሆኖ በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል መሆኑን ይይ። ከታች ሰፍቶ ከላይ ከጠበበ ክሪኩ ቦታውን ስቷል ማለት ነው።

አሁን በአንድ እጅ ግፉ፣ በሌላው የኋላውን ፍላንጅ በትንሽ በትንሹ አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ "ጠቅ" ይላል። ጥርሱ ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ትራንስፈሩ ራሱ ይንሸራተታል፣ ገጾቹም ሊነካኩ ጥቂት ይቀራቸዋል። በእጅ እየገፋችሁ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ክፍተት ከቀረ ቁሙ። ወደ ኋላ መልሱት። ፒኗን እዩ፣ የክሪኩን ከፍታ እዩ፣ ሽቦ ወይም ቱቦ መሃል አለመግባቱን እዩ። የኋላው ፍላንጅ ሲሽከረከር ግን ወደ ፊት የማይመጣ ከሆነ ጥርስ ለጥርስ ቆመዋል፣ ትንሽ መልሳችሁ እንደገና ሞክሩ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስሠራው እዚህ ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ያልገባው ክሪኩ አንዲት ጣት ያህል ዝቅ ስላለ ነበር። ከፍ ሳደርገው ያለምንም ግፊት ገባ።

ሲጋጠም ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ አስገቡ። መሪዎቹን አውጥታችሁ በነሱም ቦታ ብሎናቸውን አስገቡ። ቀዳዳው እስከ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ የብሎኑን ጥርስ ሲሊኮን አስነኩት፣ ያለዚያ ዘይት በብሎኑ ጥርስ ተከትሎ ይወጣል። አጠባበቁ በመስቀል ነው፣ አንዱን ከላይ ቀጣዩን ከታች፣ በሦስት ዙር። የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ያለው ቁጥር ቅድሚያ አለው። እሱ ከሌላችሁ ሰውነታቸው 10 ሚሊሜትር የሆኑትን በ40ና በ50 ኒውተን ሜትር መካከል፣ 12 ሚሊሜትር የሆኑትን ከ65 እስከ 80 ባለው ውስጥ አድርጉ፤ ቤቱ አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ ከዝቅተኛው አትለፉ። "እስኪጮህ አጥብቀው" የሚባለው ምክር የብዙ ሰው ትራንስፈር ላይ የብሎን ቀዳዳውን ጥርስ ልጧል።

ፕሮፔለር ሳትገጥሙ አንድ ሙከራ አድርጉ። ትራንስፈሩን ኤን ላይ አድርጋችሁ የኋላውን ፍላንጅ በእጅ አዙሩ። በነፃ መዞር አለበት። ካምቢዮውን ወደ ዜሮ መልሳችሁ ኤች2 አስገቡና እንደገና አዙሩ። ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ያለማቋረጥ ይዞራል። የሆነ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ አሁኑኑ ፈትታችሁ እዩት።

ተሻጋሪውን ብረት መልሱ። ብሎኖቹን ግን ገና አታጥብቁ። መጀመሪያ ክሪኮቹ ይውረዱ፣ ክብደቱ የተሻጋሪው ብረት ጎማ ላይ ይረፍ፣ ከዚያ ይጥበቅ። ተወጥሮ የታሰረ ጎማ ንዝረቱን ሁሉ ወደ ካቢን ያስገባዋል።

ፕሮፔለሮቹን በምልክታቸው ግጠሙ። ምልክቱ ከጠፋባችሁ ይህን እወቁ፦ በአንድ ፕሮፔለር ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት የክሮቼራ ጆሮዎች በአብዛኛው በአንድ መስመር ይተያያሉ። ስፕሪንግ ሮንዴላ አዲስ ይሁን፣ ርካሽ ነው። ክሮቼራውን ግራሶ ምቱ፣ አሮጌው እስኪወጣ። ቀጥሎ ገመድ፣ ሽቦ፣ መተንፈሻ፣ ማንሻ። ማንሻውን ስታገናኙ አራቱም ቦታዎች ላይ እስከ መጨረሻው መግባቱን ካቢን ውስጥ ሆናችሁ አረጋግጡ። ግማሽ የገባ ኤል4 አቀበት ላይ ይዘላል፣ መኪናውም ወደ ኋላ ይለቃል።

ዘይትና ሙከራ

ዘይቱ ኤስኤኢ 75ደብሊው-90፣ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይሁን። በመሙያው ቀዳዳ ጣታችሁን ስታስገቡ ዘይቱ የቀዳዳውን የታችኛውን ከንፈር ሊደርስ ወይም ከሱ በታች እስከ 5 ሚሊሜትር ይሁን። ካምቢዮውንም ረስታችሁ እንዳትነሱ፣ አፍስሳችሁታል።

ባትሪውን መልሱና ሞተሩን አስነሱ። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ኤች2፣ 1ኛ ማርሽ፣ ግቢ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሂዱ። ጆሮ ስጡ። ወፍራም "ዱም" የሚል ድምፅ ሲነሳና ሲቆም የሚሰማ ከሆነ ፕሮፔለሩ ላይ የላላ ብሎን አለ ወይም የመግቢያው ጥርስ አልቋል። እየነዳችሁ የማያቋርጥ ጩኸት ከሆነ ኩሽኔታ ነው። ኤች4ንና ኤል4ን የምትሞክሩት የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ ዘግታችሁ፣ ኮረኮንች ወይም አፈር ላይ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ነው። ወደ ኤል4 የምትገቡት መኪናው ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ነው።

20 ደቂቃ ነድታችሁ ተመለሱ። ካርቶን አንጥፉበትና አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ያለው ጠብታ ከየት እንደመጣ ቦታው ራሱ ይነግራችኋል። ከመሃሉ ከሆነ የገጹ ነው፣ ከኋላ ከሆነ የፍላንጁ ሲል።

100 ኪሎሜትር ላይ የፕሮፔለሩን ብሎኖች በቶርክ ደግማችሁ እዩ። 500 ላይ ሁለቱንም ዘይት ለኩ፣ ካምቢዮውን ቀድማችሁ። ካምቢዮው ጎድሎ ትራንስፈሩ ጨምሮ ካገኛችሁት የመሃሏ ሲል ተጎድታ ነው የገባችው፣ ረጅም ጉዞ ከመውጣታችሁ በፊት ይውረድና ትቀየር።